አፖሌና ቮንድራና ያልደፈረሰው ውሃ

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ከወንዙ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ በረዶውን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከጎን ነበር የሚያመጣው። ዝናብም በረዶም ያልሆነ፣ መሬት ሲነካ የሚቀልጥ፣ ካፖርት ሲነካ ግን ሙጭጭ የሚል ዓይነት ነው። ጃንጥላ የያዘ ሁሉ ጃንጥላውን እንደ ጋሻ ፊቱ ላይ ደግኖ ይሄዳል። የካቲት ነበር፤ ጦርነቱ ገና አላለቀም። በኒውዮርክ አንደኛው ጎዳና ላይ ያሉት የቼኮች ሱቆች፣ ልጅ የዘመተባቸው ሁሉ፣ ሰማያዊ ኮከብ ያለባትን ትንሽ ባንዲራ መስኮታቸው ላይ ሰቅለዋል።

አፖሌና ቮንድራ ጃንጥላ አልያዘችም። ሁለቱም እጆቿ ባዶ ባልዲ አንጠልጥለዋል። የሥጋ ሻጩን የማቱሽን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ በረዶው ተከትሏት ገባ፤ ተራ የያዙት ሴቶች በሩን እንድትዘጋ ጮኹባት።

«መጣች የጀርሞቹ እናት!» አለ ማቱሽ ቢላዋውን በሽርጡ እየጠረገ።

«አፍህን ዝጋና ልብ ስጠኝ።»

«የእኔን ነው የበሬውን?»

«የአንተማ ምን ያህል መረቅ ይወጣዋል? የበሬውን።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዲት ግን አልሳቀችም። በእጇ የያዘችውን የሥጋ ራሽን ወረቀት እያገላበጠች፣ «ለእኛ አጥንት፣ ለጀርም ልብ! እንዲህ ሆነና ቀረ» አለች።

«ሳንባሽን ምች ሲይዝሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ» አለቻት አፖሌና ዘወር ብላ ሳታይ። «ያን ጊዜ ጀርሙ ምን እንደበላ አንቺው ትጠይቂያለሽ።»

አፖሌና እንዲህ ናት። ከቦሄሚያ ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች፤ በሰባ ሁለተኛው መንገድ ሲጋራ ስትጠቀልል አድጋ፣ ሲጋራ የሚጠቀልል ሰው አግብታ፣ ባሏን በሳንባ ምች ቀብራለች። ቮንድራ በታመመ በሳምንቱ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር ባለው ሆስፒታል፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባሏን የገደለውን ጀርም መጋቢ ሆነች። የበሬ ልብ ትከትፋለች፣ ትቀቅላለች፣ ታጠልላለች፣ በጠርሙስ ትሞላለች። ሐኪሞቹ ጀርሞቻቸውን በዚያ መረቅ ያሳድጋሉ። ባሏን የበላውን እያበላች መኖሯን አንዳንድ ጎረቤት ሲያነሳባት፣ «የበላውን ካላበላሁት እንዴት ይያዝ?» ትላለች፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ማቱሽ ልቦቹን ወደ ባልዲው እየጣለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወጥ ቤትሽን ሊዘጉት ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ሰፈሩ።»

«ሰፈሩ ብዙ ይላል።»

እውነት ነበር። የሆስፒታሉ ግዢ ኃላፊ ሚስተር ክሬን ባለፈው ዓርብ ወጥ ቤቷ መጥቶ፣ ከፋብሪካ የሚመጣ የደረቀ መረቅ በቆርቆሮ ለእሷና ለሐኪሞቹ አሳይቷል። ዱቄት ነው፤ ውሃ ጨምሮ ማማሰል ብቻ ነው። አፖሌና መረቅ የምታቀርብለት የዶክተር ኦርምስቢ ሙከራ ከገና በፊት ጀምሮ እምቢ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ሚስተር ክሬን የምድጃውን ጋዝ መዝጊያ በጣቱ ነካ ነካ እያደረገ፣ «በወሩ መጨረሻ ይኸው ከሆነ፣ ወጥ ቤቱን ለሌላ ነገር እንፈልገዋለን» ብሎ ሄደ። ሌላ ሥራ እንፈልግልሻለን አላለም። አፖሌና ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ወደ ሲጋራ መጠቅለል የምትመለስበት ጣት የላትም።

«ዲሊያ እያለች ግን ይሠራ ነበር አሉ» አለ ማቱሽ። «ያቺ እስከ ኅዳር አብራሽ የሠራችው የአየርላንድ ልጅ። ታዲያ የእሷ መረቅ ከአንቺ ይሻላል ማለት ነው?»

አፖሌና ባልዲዎቹን አነሳች። «ዲሊያ እንቁላል ብትቀቅል ያርርባታል» አለች። «በሩን ክፈትልኝ።»

ግን ቃሉ ገብቶባት ነበር፤ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ከነፋሱ ይልቅ እሱ ነው ፊቷን የገረፋት።

የሙከራውን ነገር አፖሌና ከዓመታት መስማት የተነሳ ለማንም ልታስረዳ ትችላለች። የሳንባ ምች ጀርም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ካባ ለብሷል፤ ሲያድግ ልሙጥ፣ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ይሆናል፤ አይጥ ውስጥ ከገባ አይጧን ይገድላል። ሌላው ካባ የለውም፤ ሻካራ ነው፤ አይጧ እንኳን ልትሞት አታስነጥስም። አሁን፣ ካባ ያለው ተገድሎ፣ ተጨምቆ፣ ከሬሳው የወጣው ነገር ካባ ለሌለው ሲሰጠው፣ ካባ የሌለው ይለብሳል። እሱ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ለባሽ ሆነው ይወለዳሉ። ከሞተው ወደ ሕያው የተሻገረ አንድ ነገር አለ፤ ዘር የሚያወርስ። ምንድነው?

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ፕሮቲን ነው ይል ነበር። ሥጋም ደምም ፕሮቲን ነው፤ ዘርን የሚያህል ነገር በሌላ በምን ይጻፋል? ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መጀመሪያ ላይ እዚያው ከተማ ውስጥ ያሉ ሌሎች ሰዎች፣ አይ፣ ፕሮቲን አይደለም፣ ያ ከሕዋሳት እምብርት የሚወጣው ነጭ አሲድ ነው ብለው አሳትመው ነበር። ዛሬ የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ዲ ኤን ኤ የሚለው ነው። ያኔ ስሙ ረጅም ነበር፤ አፖሌና «ፈትሉ» ብቻ ትለው ነበር። ስሙ ያለምክንያት አልወጣለትም። የኬሚስትሪ ባለሙያዋ ሚስ ሩቢን በጨመቀችው ነገር ላይ አልኮል ጠብ ጠብ ስታደርግና በመስታወት ዘንግ ስታማስል፣ ነጭ ክር እየተሳበ በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፤ ጥጥ በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም።

ዶክተር ኦርምስቢ ይህን አላመነም። ሽማግሌ ነው፤ ሰው ሲነግረው አያምንም፤ ራሱ አድርጎ ካላየ አያድርም። ስለዚህ ሚስ ሩቢን ፈትሉን ታወጣለች፤ ፈትሉን ከሻካራዎቹ ጀርሞች ጋር በመረቅ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ከበሽተኞች ደረት በመርፌ የሚቀዳ ውሃም ይጨመርበታል፣ ያለሱ ነገሩ አይሠራምና። መጸው ላይ ሠርቶ ነበር። ሻካራው ልሙጥ ሆኖ ተገኘ። ዶክተሩ፣ «አንድ ጊዜ አጋጣሚ ነው» አለ። ሲደግሙት እምቢ አለ። ሲሠልሱትም እምቢ አለ። ይኸው እምቢ እንዳለ የካቲት ገባ።

አፖሌና ልቦቹን ስታራግፍ ሚስ ሩቢን የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ቀጭን ልጅ ናት፤ መነጽሯ ሁልጊዜ በእንፋሎት ይደበዝዛል።

«ወይዘሮ ቮንድራ፣ ዛሬ ከእርስዎ ጋር ልውል ነው።»

«የት?»

«እዚሁ። ምን እንደሚሠሩ ልይ።»

«መረቅ ነው የምሠራው።»

«አውቃለሁ። ልይ ግን።»

አፖሌና ቢላዋውን አስቀመጠች። «ጥርጣሬሽ ከእኔ መረቅ ከሆነ፣ ልጄ፣ በአፍሽ ንገሪኝ። ቆሞ መሰለል ምን ያደርጋል?»

«ሁሉንም ነው የምጠረጥረው» አለች ሚስ ሩቢን። ድካም በድምፅዋ አለ። «ፈትሉን፣ ጀርሙን፣ የገዛ እጄን። የእኔን እጅ ዶክተሩ ሰሞኑን ቆሞ አይቶልኛል። አሁን የእርስዎ ተራ ነው።»

«እሱም ቆሞ አየሽ?»

«ሳይቀመጥ። ሲጋራ እንኳን ሳይለኩስ።»

ይህ አፖሌናን ትንሽ አለዘባት። ከበሩ ጀርባ ሽርጥ አውርዳ ወረወረችላት። «በይ እንግዲህ፣ ስብ ገፍፊ። ወጥ ቤቴ ውስጥ እጁን አጣምሮ የሚቆም የለም።»

ሚስ ሩቢን ስብ ስትገፍፍ አረፈደች፤ አሳዛኝ ነበር አገፋፈፏ። አፖሌና የበዓል ሥጋ ያበላሹባት ያህል እየተቅበጠበጠች ከእጇ እየነጠቀች ታሳያታለች። ልቡ ተከተፈ፣ ተቀቀለ፣ በጨርቅ ተጠለለ። መረቁ እንደ ማር ወለላ የጠራ ሆኖ ወጣ። ሚስ ሩቢን በብርሃን ፊት ይዛ አየችው፤ ምንም አላገኘችበትም።

«ምን ይወጣለታል?» አለች አፖሌና።

«ምንም።»

«እንዳልኩሽ።»

ከሰዓት በኋላ ተራው የደረቱ ውሃ ሆነ። ይህን ሥራ ዲሊያ ናት ስትሠራ የነበረችው፤ እስከ ኅዳር። ዲሊያ አውሮፕላን ፋብሪካ የተሻለ ደሞዝ አግኝታ ስትሄድ፣ ሽርጧን ለአፖሌና አስታቅፋ፣ «እማማ ቮንድራ፣ ውሃውን ድስት ውስጥ አድርገሽ ግማሽ ሰዓት ደህና አድርገሽ አሙቂው፣ ሌላ የለውም» ብላ ወጣች። ቴርሞሜትሩ በዚያው ሰሞን ተሰብሯል፤ ጥሩ ቴርሞሜትር ድሮ ከጀርመን ይመጣ ነበር፣ ጀርመን ጋር ደግሞ ጦርነት ላይ ናቸው። ሌላ ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ ቀረ። ለአፖሌና ምንም አልመሰላትም። ዕድሜዋን ሙሉ እሳት የለካችው በዓይኗና በጣቷ ነው።

ጠርሙሶቹን ሙቅ ውሃ የያዘው ድስት ውስጥ ደረደረች፤ ጋዙን ለኮሰች፤ ጎንበስ ብላ ቆመች። የደረት ውሃ ገለባ የመሰለ ቀለም አለው። ትንሽ ሲቆይ ከአንደኛው ጠርሙስ ጠርዝ ስስ ጉም የመሰለ ነገር ሊነሳ ጀመረ። አፖሌና እጇ ሳታዝዘው ሄዶ ነበልባሉን ዝቅ አደረገው። ጉሙ ቆመ። ውሃው ጠርቶ ቀረ።

«ምነው ቀነሱት?» አለች ሚስ ሩቢን።

«ሊደፈርስ እኮ ነው!»

«ቢደፈርስስ?»

አፖሌና ቀና ብላ አየቻት፤ ይህቺ ልጅ እናት የላትም እንዴ በሚል አስተያየት። በእነሱ ሰፈር እሑድ የሚቀርብ መረቅ መደፍረስ የለበትም። የሳህኑ አበባ ከሥር ቁልጭ ብሎ መታየት አለበት፤ ከተፈጨ ጉበት የሚሠራው ድብልብል በጠራ ነገር ውስጥ መንሳፈፍ አለበት። ይህን የማትችል ሴት አማቷ በእንግዳ ፊት ማንኪያዋን ታስቀምጥባታለች። አፖሌና እሳቱ መረቁን ፈገግ እንዲያደርገው እንጂ እንዲያስቀው አትፈቅድም፤ ልጅ ሆና እንዲህ ነው የተማረችው።

«የደፈረሰ ነገር ለሰው ይሰጣል?» አለች።

«ለሰው አይደለም እኮ የምንሰጠው።»

«ለዶክተሩስ? ዲሊያ ታደርገው እንደነበረው ወተት አስመስዬ ልላክለት? እሷማ ጠርሙሱን ጥዳ መስኮት ላይ ሲጋራዋን እያጨሰች ከባሕር ኃይል ልጆች ጋር ስትጠቃቀስ፣ ውሃው ነጭቶ፣ ድፍርስርስ ብሎ...»

አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቆመ። ሚስ ሩቢን መነጽሯን አውልቃ ነበር።

«ሁልጊዜ?» አለች ቀስ ብላ። «ዲሊያ ሁልጊዜ ያደፈርስባት ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

«የእርስዎ ደግሞ?»

«የእኔማ አንድ ቀን ደፍርሶብኝ አያውቅም!» አለች አፖሌና በኩራት። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

ሚስ ሩቢን ወንበር ስባ ተቀመጠችና በዝቅተኛ ድምፅ አስረዳቻት። የደረቱ ውሃ የሚሞቀው እንዲሁ ለወግ አይደለም። ውስጡ ፈትሉን የሚበላ ነገር አለ፤ ኢንዛይም ይባላል። እሳት ካልገደለው ፈትሉ ጀርሙ ጋ ሳይደርስ በልቶ ይጨርሰዋል። የሚሞተው ደግሞ ውሃው ነጣ ነጣ ማለት ሲጀምር ካለው ሙቀት አካባቢ ነው። አፖሌና እሳቱን የምትቀንሰው እዚያ ጫፍ ሲደርስ ነው።

«ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች አፖሌና።

«እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ነሽ እንጂ። ፊትሽ ላይ አለ።»

ሚስ ሩቢን ተነስታ በሩን ዘጋችው። «ይስሙኝ። ለማንም አንናገር። ከዛሬ ጀምሮ እንዲደፈርስ ያድርጉት። የሚቀጥለው ሙከራ ይሠራል። ክሬን ዝም ይላል። ወጥ ቤቱም ይተርፋል። ማንም ማንንም አይጠይቅም።»

አፖሌና ጋዙን አጠፋች። እውነቱን ለመናገር ልቧ ወዲያው ወደዚያ አዘንብሎ ነበር፤ ይህን ወጥ ቤት ከማጣት እጇን ብትቆረጥ ትመርጣለች። ምድጃውን የመረጠችው እሷ ናት፤ መደርደሪያውን ያስቸነከረችው እሷ ናት። ሌላ ምን አላት?

«ያለፉት ሙከራዎችስ?» ብላ ጠየቀች። «የከሸፉት?»

«ይቀራሉ።»

«የት ይቀራሉ? ዶክተሩ በሚያዝያ ስብሰባ ላይ ሊናገርባቸው አይደል? ፊላደልፊያ ሄጄ እነዚያ ሰዎች ተሳስተዋል፣ እኛ ሞክረን አልሆነም እላለሁ ብሎ እዚሁ በር ላይ ቆሞ ሲልሽ እኔ እኮ ድስት እያጠብኩ ነበር።»

እውነት ነው፤ ዶክተር ኦርምስቢ ንግግሩን መጻፍ ጀምሯል።

«ስለዚህ የእኔን ድስት ይዞ ሄዶ በሰው ፊት ይምላል ማለት ነው» አለች አፖሌና። «አዩ፣ ፈትሉ ምንም አላደረገም ብሎ። ፈትሉ ግን ሥራውን እንዳይሠራ ያስበላሁት እኔ!» ሽርጧን ፈታችና በንጹሕ ለወጠችው። «ተነሺ። እንሂድ።»

«ወይዘሮ ቮንድራ፣ ያስወጡዎታል።»

«ያስወጡኝ። በመጀመሪያ ግን እኔ እገባለሁ።»

የዶክተር ኦርምስቢ ክፍል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። ያ ቀን ዕድሏ ሆኖ ሚስተር ክሬንም እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ቆርቆሮው ጠረጴዛው ላይ ነው። አፖሌና አንኳኩታ፣ ግቢ እስኪሏት ሳትጠብቅ ገባች። ሚስ ሩቢን ከኋላዋ ቆመች።

«ዶክተር፣ የደረቱን ውሃ የማበላሸው እኔ ነኝ» አለች። «ከኅዳር ጀምሮ። እንዳይደፈርስ ብዬ እሳቱን እቀንሳለሁ። ዲሊያ በስንፍናዋ ስታደፈርሰው የነበረው ትክክል ነበር፤ የእኔ ጥራት ነው ስህተቱ። ፊላደልፊያ ሄደው ፈትሉ አልሠራም እንዳይሉ። አልሞከሩትም ገና።»

ሽማግሌው ብዕሩን አስቀመጠ። ሚስተር ክሬን ነው ቀድሞ የተናገረው። «እንግዲህ» አለ እጆቹን ዘርግቶ፣ «ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ፋብሪካ ቢሆን...»

«ዝም በል፣ ክሬን» አለ ዶክተሩ። ዓይኑን ከአፖሌና ላይ አልነቀለም። ተቆጥቷል፤ አንገቱ ቀልቷል። «ስንት ወር ሆነው?» ብሎ ጠየቀና መልሱን ሳይጠብቅ፣ «ጠርቶ የሚቀረው ውሃ፣ አሁንም አለሽ ከእሱ?» አለ።

«አሁን የሠራሁት አለ። ማቀዝቀዣ ውስጥም ያለፈው ሳምንት አለ።»

«እንዳይደፋ!» አለ ተነስቶ። «አንዲት ጠብታ እንዳይደፋ።»

ለምን እንዳይደፋ እንደፈለገ አፖሌና የገባት ቆይቶ ነው። ለሽማግሌው ያ ውሃ የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ ፈተና ነበር። ዘር የሚያወርሰው ፕሮቲን ከሆነ ፈትሉን የሚበላ ነገር ቢጨመርበት ምን ቸገረው? ሥራውን ይሠራል። ፈትሉ ራሱ ከሆነ ግን ፈትሉ ሲበላ ሥራውም አብሮ ይጠፋል።

በማግሥቱ ሚስ ሩቢን ካላት ሁሉ ምርጡን ፈትል በጨው ውሃ አሟሟችና ለሁለት ከፈለችው። ፈትል የሟሟበት ውሃ ወፍራም ነው፤ እንደ ተልባ ይለገጋል። በአንደኛው ላይ አፖሌና አጥርታ የሠራችውን የደረት ውሃ ጨመሩ። ለሁለተኛው ደግሞ አዲስ መሥራት ነበረባት። ዶክተሩና ሚስ ሩቢን ምድጃው አጠገብ ቆመው ሲያዩ አፖሌና እሳቱን ተወችው። ጉሙ ተነሳ። እጇ ወደ መዝጊያው ሲሄድ በሌላኛው እጇ ያዘችው።

«ያማል?» አለ ዶክተሩ።

«እናቴ ብታየኝ በጭልፋ ነበር የምትለኝ» አለች። ውሃው ነጣ፣ ደፈረሰ፣ አስቀያሚ ሆነ። ደስ ብሏት አልነበረም።

ሁለቱን ሙቀት ውስጥ አስቀምጠው ዋሉ። አመሻሽ ላይ ዶክተሩ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አምጥቶ መጀመሪያ የድፍርሱን ቀዳ። ከቱቦው ጫፍ የሚወርደው ጠብታ ተንጠለጠለ፣ ተለጠጠ፣ ክር ሠርቶ ወረደ። ወፍራም ነው፤ ፈትሉ አለ። ቀጥሎ የጠራውን ቀዳ። ጠብ ጠብ ጠብ አለ። ልክ እንደ ቧንቧ ውሃ።

«በልቶታል» አለች ሚስ ሩቢን።

ከሁለቱም ለሻካራዎቹ ጀርሞች ሰጧቸው። ሐሙስ ጠዋት አፖሌና ባልዲዋን ይዛ ስትገባ፣ ዶክተሩንና ሚስ ሩቢንን ሰሃኖቹ ላይ አጎንብሰው አገኘቻቸው። ካፖርታቸውን አላወለቁም። ሚስ ሩቢን በእጇ ጠራቻት። ከድፍርሱ በመጣው ሰሃን ላይ፣ ከሻካራዎቹ መካከል፣ የሚያብረቀርቁ ልሙጥ ነጠብጣቦች ፈሰው ነበር፤ ካባ ለብሰዋል። ከጠራው በመጣው ላይ ሁሉም ሻካራ ነው። አንድም የለበሰ የለም።

ዶክተር ኦርምስቢ ወንበር ፈለገና ተቀመጠ። «ፈትሉ ነው» አለ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ ሰው ቤት ለልቅሶ የመጣ ይመስል። «ፕሮቲን ነው እያልኩ ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ።»

«እኔም ሃያ ዓመት አጥርቻለሁ» አለች አፖሌና።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ ያልወሰነ መሰለ፤ በመጨረሻ ሳቀ፤ ሚስ ሩቢን ሲስቅ አይታው ስለማታውቅ ደነገጠች። ያን ቀን ሙከራውን እንደገና ጀመሩት፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ፤ ድፍርሱ በሠራበት ሁሉ የጠራው እምቢ አለ።

ሚስተር ክሬን በወሩ መጨረሻ ቆርቆሮውን ይዞ ተመለሰ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው ያገኛቸው፤ ዶክተሩ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ጥቁር ዳቦ ይበላ ነበር።

«ዱቄቱ ርካሽ ነው» አለ ክሬን። «ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እንደዚህ ያለ ስህተት አይገጥምዎትም።»

«ይገጥመኛል» አለ ዶክተር ኦርምስቢ እያኘከ። «ፋብሪካው አንድ ቀን ያበላሻል፤ ሁሉም ያበላሻል። ሲያበላሽ ግን ማን በሬን ከፍቶ ገብቶ ይነግረኛል? አንተ?»

ክሬን ቆርቆሮውን አንስቶ ወጣ። አፖሌና የልቡን መክተፊያ ወደ ራሷ ስባ ሥራዋን ቀጠለች።

ዶክተሩ ፊላደልፊያ ሄዶ ሌላ ንግግር አደረገ። አዳራሹ ውስጥ ግማሹ አላመነውም፤ ሰው ያመነበትን በአንድ ንግግር አይጥልም። ቀስ በቀስ ግን በየቦታው ሌሎችም በሌላ በሌላ መንገድ እየሞከሩ እዚያው ደረሱ፤ ዛሬ የሚጠራጠር የለም። በእነሱ ወጥ ቤት ውስጥ የሆነው ነገር በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አልገባም፤ መግባትም አያስፈልገው ይሆናል። ሌሎች ቀድመው ያሉትን ነው የደገሙት።

አፖሌና ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዚያ ምድጃ ላይ ሠራች። የደረቱን ውሃ እየጠላችው አደፈረሰች። ጦርነቱ አልቆ ቴርሞሜትር ሲመጣላት ሰቅላ አኖረችው፤ አምናበት አታውቅም፣ ግን ታየው ነበር። ዶክተር ኦርምስቢ ሞተ፤ ሚስ ሩቢን አግብታ ወደ ቺካጎ ሄደች፤ የፋብሪካው ዱቄት የማይቀር ነበርና እሷ ጡረታ በወጣች በዓመቱ መጣ። ያን ጊዜ ግን የሚያስወጣው ሰው አልነበረም፤ ወጥ ቤቱን በገዛ እጇ ቆልፋ ቁልፉን ያስረከበች እሷ ናት።

አሁን አፖሌና ቮንድራ በሰባ ሦስተኛው መንገድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእህቷ ልጅ ጋር ትኖራለች። ጉልበቷ ስለማይታዘዝላት ደረጃውን የምትወርደው ረቡዕ ረቡዕ ካርታ ለመጫወት ብቻ ነው።